የጨው ልክ

ኅዳር 3 ቀን

ይድረስ ለታላቅ ወንድሜ፤

ጋሼ፣ እንደምን ሰነበትክ? እኔ ሁለት ዓይኖቼ በጨርቅ ታስረው፣ አልጋ ላይ ተቀምጬ ይህን አስጽፋለሁ። የምትጽፍልኝ የምታስታምመኝ ነርስ ናት። የእጅ ጽሑፏ ያምራል ይላሉ፤ እኔ ግን ለጊዜው ምስክር መሆን አልችልም። ስልክ ደውዬ ልነግርህ እችል ነበር፤ ነገር ግን ገና ሰላምታው ሳያልቅ እንደምንጣላ ሁለታችንም እናውቃለን። በደብዳቤ ሲሆን ነርሷ መካከላችን አለች።

የቤቴን ቁልፍ ከዘበኛው ስለ ተቀበልክልኝ አመሰግናለሁ። ከሰው ሁሉ ለይቼ ለምን አንተን እንዳስቸገርኩ ላቀረብከው ጥያቄ መልሴ አጭር ነው፦ አንድ ሰዓት ሲባል በአንድ ሰዓት የሚገኝ ሰው ከአንተ ሌላ አላውቅም። ጎረቤቶቼ ደጎች ናቸው፤ ደግ ሰው ግን ያረፍዳል። አሥራ አንድ ዓመት ተኳርፈን ከቆየን በኋላ ናፍቆት ነው ብዬ አልዋሽህም።

ባለቤቴ ካረፈ ሁለት ዓመት ሆነው። ልጅ አልወለድንም። በዚያ ቤት ውስጥ እሱ በእጁ ያሳደገው፣ ዛሬም በሕይወት ያለ ነገር ቢኖር ሳሎኑ ውስጥ ያለው የመስታወት ገንዳ ነው። መስታወቱን የቆረጠውም፣ ያጣበቀውም ራሱ ነው። ውስጡ ያሉት ኮራሎች የሚባሉት የባሕር እንስሳት ድንጋይ ይመስላሉ እንጂ ድንጋይ አይደሉም፤ ሥጋ አላቸው፣ ይርባቸዋል፣ ይከፋቸዋል። መሃል ላይ የተቀመጠችውን፣ እንደ አንጎል የተሸበሸበችውን አረንጓዴ «እመት» ይላት ነበር። ሲያመጣት የሕፃን ጡጫ ታህል ነበር፤ ዛሬ የጎልማሳ ራስ ታህላለች። አሥራ አራት ዓመቷ ነው።

ሥራው ብዙ አይደለም። ጠዋት በአንድ ሰዓት ክዳኑን ከፍተህ፣ ከጎኑ በተንጠለጠለው ዱላ ትደግፈዋለህ። ሌሊት በትነት የጎደለውን በተጣራ፣ ጨው በሌለው ውሃ እስከ መስመሩ ትሞላለህ፤ የሚተነው ውሃው ብቻ ነውና ጨው አይጎድልም። ማሞቂያው ሃያ ስድስት ዲግሪ ላይ ይሁን፤ ለሁለቱ ትንንሽ ዓሦችም ቁንጥር ምግብ ጣልላቸው። ሰኞ ሰኞ የጨውን ልክ መሳቢያው ውስጥ ባለው በእሱ መለኪያ ታያለህ። ማታ መብራቱ ወደ ሰማያዊ ሲለወጥ እመት ከሽብሽቦቿ መካከል ትንንሽ ጣቶች ታወጣለች። ጣቶቿን ካላወጣች ያጠፋነው ነገር አለ ማለት ነው።

ሐኪሙ ጨርቁ ሲፈታ ምን እንደማይ ቃል አልገባልኝም። ማየት ከተረፈልኝ ግን በመጀመሪያ ማየት የምፈልገው እሷን ነው። አደራ ያልኩህ ይህንን ነው።

ታናሽ እኅትህ


ኅዳር 12 ቀን

ለእኅቴ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ስለ ጤንነትሽ እጠይቃለሁ፤ ስለ እኔ ብትጠይቂ፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ ጉልበቴ ከሚያስቸግረኝ በቀር ደህና ነኝ። የወሰድሁትን አደራ በሚመለከት ልትጨነቂ አይገባም። ወረቀትሽ ላይ «አንድ ሰዓት» ይላል፤ እኔ ለአንድ ሩብ ጉዳይ ደጅሽ ላይ ደርሼ አንድ እስኪሞላ ቆሜ እጠብቃለሁ። ዘበኛው በመጀመሪያው ሳምንት ታዝቦኝ፣

«ጋሼ፣ ለድንጋይ ነው እንዲህ የሚሮጡት?» አለኝ።

«ለቃሌ ነው» አልሁት።

«እሱስ ደግ። ግን ቀድመው ከደረሱ ለምን አይገቡም?»

«ሰዓቱ አልደረሰማ!»

ከዚያ ወዲህ ወንበር ያወጣልኛል።

እውነቱን ለመናገር ከፈቀድሽልኝ፣ ይህ ነገር ለእኔ ከንቱ ውበት ነው። ለእነዚህ ፍጥረታት ባሕርን የሚያህል ቤት ተሰጥቷቸው ሳለ፣ በስፌት መኪናሽና በመጽሐፍ መደርደሪያሽ መካከል ማስቀመጥ የሰው ልጅ ትዕቢት ይመስለኛል። ነገር ግን የወደድሁትን ብቻ የምጠብቅ ሰው ብሆን ኖሮ ሠላሳ አራት ዓመት የሚዛንና የመለኪያ ተቆጣጣሪ ሆኜ ባላገለገልሁ ነበር። ልል ሆነው ያገኘኋቸውን አንዳንድ ነገሮች አጥብቄያለሁ። ጨውንም በታመነ መለኪያ እለካለሁ። ክዳኑን የምትደግፉበት ዱላ ጥቁርና አሮጌ ነው፤ አናጢ ዘንድ ወስጄ አዲስ አሠራልሻለሁ።

ነርሷ በተለየ ወረቀት ላይ ለጻፈችው ጥያቄሽ ግን የምሰጠው መልስ ያኔ ከሰጠሁት አይለይም። የባልሽን የመስታወት ሱቅ ያሸግሁት የሚለካበት የአንድ ሜትር ዘንግ ሁለት ሚሊሜትር ጎድሎ ስላገኘሁት ነው። የእኅቴ ባል መሆኑ ዘንጉን አላስረዘመውም። በሞተ ሰው ላይ አልፈርድም፤ በሕይወት ሳለ የፈረድሁትንም አላነሳም።

ጤናሽን ይመልስልሽ።

ወንድምሽ


ኅዳር 24 ቀን

ጋሼ፤

ደብዳቤህ ሲደርስ ክፍሉ በሙሉ ጸጥ ይላል። አብረውኝ የተኙት ሦስት ሴቶች አንተን መስማት ለምደዋል፤ ነርሷም ድምፅዋን አወፍራ፣ ጉሮሮዋን ጠራርጋ ነው የምታነብህ። ከመስኮቱ አጠገብ ያሉት እናት፣ «ያ ዳኛው ወንድምሽ ዛሬስ ማንን ከሰሰ?» ይላሉ። አትቆጣ፤ ጨርቅ ለታሰረበት ሰው ቀኑ ረጅም ነው።

ስለ ጤንነቴ ጠይቀህ ነበር። ሐኪሙ ጨርቁ በዚህ ሳምንት ይፈታል ብሎ ነበር፤ አሁን ደግሞ ወር ጨመረ። ምክንያቱን ነገረኝ፤ ለአንተ ልደግመው ግን አልፈልግም። ደህና ነኝ ብዬ ልዝጋው።

ልል ሆነው ያገኘሃቸው ነገሮች ምን ምን ናቸው? በዚያ ቤት ልል የነበረው የሳሎኑ መጋረጃ ብቻ ነው።

ደግሞ አንድ ነገር። እመት ማታ ማታ ጣቶቿን ታወጣለች ወይ? በመጀመሪያው ደብዳቤዬ ጽፌልህ ነበር። አንተ ግን ስለ ሰዓቱና ስለ ዘበኛው ወንበር ነገርከኝ።

እኅትህ

ከነርሷ፦ አባቴ፣ እሷ «ደህና ነኝ» ብላ ብታስጽፈኝም ምግብ አልበላም ብላ አስቸግራናለች። እርስዎ ቢቆጧት ትሰማ ይመስለኛል። ይህን እንደ ጻፍኩ አታውቅም።


ታኅሣሥ 5 ቀን

ለእኅቴ፤

እንደምን ሰነበትሽ? ሆስፒታል የተኛ ሰው ምግቡን ጥርግ አድርጎ መብላት ግዴታው ነው፤ ከማን እንደ ሰማሁ አትመርምሪ።

ስለ ገንዳው ላቀረብሽው ጥያቄ፦ እመት በቦታዋ ናት። ውሃው ከመስታወቱ የማይለይ እስኪመስል ድረስ የጠራ ነው። ፓምፑ ይሠራል፤ ማሞቂያው ሃያ ስድስት ላይ ነው፤ ሁለቱ ትንንሽ ዓሦችም ይበላሉ። ከተቀጠረልኝ ሰዓት አንድም ቀን አላጓደልሁም። ከዚህ በላይ ምን ልጻፍልሽ?

ይልቅስ አንድ ነገር ልንገርሽ። ባለፈው ሐሙስ ያንን ጥቁር ዱላ አናጢው ዘንድ ወሰድሁ። አናጢው ልኩን ሊይዝ በእርጥብ ጨርቅ ወለወለውና፣

«ጋሼ፣ ይሄማ ማኅተም አለው» አለኝ።

«የምን ማኅተም?»

«የብረት ቃጠሎ። ‹የተ...ጭ...በ...ረ...በ...ረ› ይላል። ማነው ዱላ የሚያጭበረብር?»

ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ማኅተሙ የእኔ ነው፤ በራሴ እጅ አግዬ የመታሁት። ሕጉ እንደሚያዘው ዘንጉን ለሁለት ሰብሬ፣ ስባሪውን ለባለቤቱ መልሼለት ነበር። አንድ ወር ያህል ሙሉ፣ በየጠዋቱ በአንድ ሰዓት፣ ክዳንሽን የምደግፈው በዚያ ስባሪ ኖሯል። አዲስ አላሠራሁም። ይዤው ተመለስሁ።

ከዚያ ምን እንደ ገፋፋኝ አላውቅም፤ ሜትሬን አውጥቼ ገንዳውን ለካሁ። የፊቱ መስታወት ከአንድ ሜትር ሁለት ሚሊሜትር ይጎድላል። የኋላውም እንዲሁ። አሥራ አራት ዓመት ጠብታ ያላፈሰሰው የፊቱና የኋላው በአንድ ልክ ስለ ጎደሉ ነው። ሱቁን ያሸግሁት ከዚያ ሦስት ዓመት ዘግይቼ ነው። እስኪ አንቺ የምታውቂውን ንገሪኝ፦ ያንን ስባሪ ለምን አልጣለውም?

ወንድምሽ


ታኅሣሥ 13 ቀን

ጋሼ፤

ለምን አልጣለውም ብለሃል። እኔም ያኔ ጠይቄው ነበር። «ጥሩ እንጨት ነው» አለኝ።

አንተን አንድም ቀን በክፉ አንስቶህ አያውቅም፤ እኔ ነኝ ያነሳሁህ። ሱቁ ታሽጎ በቆየባቸው አርባ ቀናት ምን ይሠራ እንደ ነበር ልንገርህ። በዚያ ዘንግ መስኮት የቆረጠላቸውን ሰዎች ቤት አንድ በአንድ እየዞረ በር ያንኳኳ ነበር። «በመስታወቱ ጠርዝ ነፋስ ይገባባችኋል ወይ?» እያለ። ይገባል ያሉትን እንደገና ቆረጠላቸው። «ተዋረድክ እኮ» ስለው፣ «ጎድሏል ካሉኝ ጎድሏል፤ አላውቅም ነበር እንጂ» አለኝ። እስኪሞት ድረስ ከዚያ በኋላ አዲሱን ዘንግ በየወሩ ይዞ መጥቶ መሥሪያ ቤታችሁ እያስፈተሸ ይሄድ ነበር። አንተን መንገድ ላይ ሲያይህ ኮፍያውን እንደሚያነሳ ታውቃለህ፤ አንተ እንደማትመልስለትም እኔ አውቃለሁ።

በቀብሩ ዕለት ከመንገዱ ማዶ ቆመህ እንደ ነበር ሰዎች ነግረውኛል። ለምን እንዳልተሻገርክ አልጠይቅህም።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልመለስ። ያልጠየቅኩህን ሁሉ በትክክል መለስክልኝ። የጠየቅኩህን አሁንም አልመለስክም። «በቦታዋ ናት» አልከኝ። ጋሼ፣ የመቃብር ድንጋይም በቦታው ነው። ዓይኔ ታስሯል እንጂ ጆሮዬ አልታሰረም።

ነጥታለች ወይ?

እኅትህ


ታኅሣሥ 19 ቀን

ለእኅቴ፤

ይህን ደብዳቤ ነርሷ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ታንብብልሽ ልል ነበር፤ ከዚያ ተውሁት። ያጠፋ ሰው አድማጩን የመምረጥ መብት የለውም። ከመስኮቱ አጠገብ ያሉት እናትም ይስሙ፤ ዛሬ የተከሰሰው ዳኛው ነው።

ነጥታለች። በቀኝ በኩል ሥጋዋ ሸሽቶ፣ እንደ ጥርስ ያለ ነጭ አጥንት ይታያል። የቀረው አረንጓዴዋ ደብዝዟል። ጣቶቿን ካወጣች አምስት ሳምንት ሆናት። ባለፈው ደብዳቤዬ «ውሃው የጠራ ነው» ብዬ ስጽፍልሽ ይህን አውቅ ነበር። የጻፍሁልሽ ቃል ሁሉ እውነት ነበር፤ ደብዳቤው ግን ውሸት ነበር። ዕድሜዬን ሙሉ ሌሎችን ሳስጠነቅቅበት የኖርሁት ነገር ይህ ነው።

ምክንያቱን ልንገርሽ። በመሳቢያሽ ውስጥ ያለውን የባልሽን መለኪያ አንድም ቀን አልነካሁትም። ዘንጉ የጎደለ ሰው መለኪያው አይታመንም ብዬ፣ ከቤቴ የራሴን አመጣሁ፤ ጡረታ ስወጣ መሥሪያ ቤቱ በማስታወሻነት የሰጠኝን፣ በውሃ ላይ የሚንሳፈፈውን የመስታወት መለኪያ። ማኅተሙን የመታሁበት ራሴ ነኝ። በመጀመሪያው ቀን ብለካበት ውሃው ቀጥኗል፣ ጨው አንሶታል አለኝ። «ልል» ያልሁሽ ይህንን ነበር። ጨው ጨመርሁ። ሰኞ ሰኞ እየለካሁ፣ እስኪስተካከል ድረስ ጨመርሁ። እመት ስትከፋ ደግሞ ልኩን ይበልጥ አጠበቅሁ።

ደብዳቤሽ በደረሰኝ ማግስት ውሃውን በጠርሙስ ይዤ ገበያው ዳር ካለው የጌጥ ዓሣ ሻጭ ዘንድ ሄድሁ። ገና አንድ ጠብታ በመሣሪያው እንዳየ ቀና ብሎ ተመለከተኝ።

«አባባ፣ ዓሣውን ሊያኖሩት ነው ወይስ ሊያደርቁት?»

«ውሃው ልክ ነው» አልሁት። «ተለክቷል።»

«በምን?»

መለኪያዬን ከሣጥኑ አውጥቼ ሰጠሁት። ገልበጥ ገልበጥ አደረገው።

«ማኅተም አለው» አልሁት።

«አያለሁ። ማን መታው?»

«እኔ።»

«እህ። እንግዲያው እዚህ አንገቱ ላይ የተጻፈችውን ትንሽዬ ነገር ያንብቡልኝማ። የእኔ ዓይን ደክሟል።»

ዓይኑ አልደከመም ነበር፤ ሊያዋርደኝ አልፈለገም እንጂ። መነጽሬን አድርጌ አነበብሁ፦ «በ15 ዲግሪ ሙቀት ብቻ።» ለቀዝቃዛ ውሃ የተሠራ ነው። በሃያ ስድስት ዲግሪ ውሃ ውስጥ ዘልቆ ስለሚሰጥም፣ ጨው ሳይጎድል ጎደለ ይላል። ያችን ጽሑፍ የቀረጽኋት ራሴ ነኝ። ሠላሳ አራት ዓመት የሰውን ትንንሽ ጽሑፍ ሳነብ የኖርሁ፣ የራሴን ሳላነብ ቀረሁ።

ከሱቁ እንደ ተመለስሁ የባልሽን መለኪያ ከመሳቢያው አወጣሁ። በንጹሕ ጨርቅ ተጠቅልሏል። በጨርቁ ላይ በእርሳስ፣ «ከመለካትህ በፊት በተጣራ ውሃ ፈትሸው» ተብሎ ተጽፏል። ፈተሽሁት። ልክ ነው። ከሱቁ መሣሪያ ጋር በአንዲት ነጥብ እንኳ አይለያይም።

አሁን ደግሞ የዛሬ አሥራ አንድ ዓመቱን ልናገር። በመዝገባችን ሁለት ዓምድ ነበር፤ «ያረጀ» እና «የተጭበረበረ»። ያረጀ ዘንግ ለባለቤቱ ተመልሶ ይታደሳል፤ የተጭበረበረው ይሰበራል፣ ሱቁም ይታሸጋል። የባልሽን ዘንግ ጫፍ ያኔ በእጄ ዳስሼው ነበር። እንደ ተጠቀሙበት ሳሙና ለስልሶ ነበር፤ የቢላም የሞረድም ምልክት አልነበረበትም። ከመስታወት ጋር ሲጋጭ ኖሮ የተበላ ጫፍ ነው። ባልደረቦቼ ከኋላዬ ቆመው ነበር። ለእኅቱ ባል አደላ እንዳልባል ፈራሁ። ዘመዴ ባይሆን ኖሮ «ያረጀ» ብዬ እጽፍ ነበር። ይህን ለሰው ስናገር ያሁኑ የመጀመሪያዬ ነው፤ ለራሴም ቢሆን።

የሱቁ ሰው ውሃውን ቀስ ብለው ያውርዱት ብሎኛል። በምን ያህል እንደሆነ የገንዳውን ጠባይ የምታውቂው አንቺ ነሽና ትእዛዝሽን እጠብቃለሁ። እስከዚያ በቀን ከአንድ ጆግ በላይ አልነካም። በአንድ ቀን ልጨርሰው እጄ ይቸኩላል።

ይቅር በይኝ ማለት ይገባኛል። ብያለሁ።

ወንድምሽ


ታኅሣሥ 24 ቀን

ጋሼ፤

እንዳትቸኩል! ይህ ደብዳቤ ሳይደርስህ በአንድ ቀን አውርደኸው ከሆነ እመት አልቃላታለች ማለት ነው። ጨው የበዛበት ሥጋ ድንገት ቀጭን ውሃ ሲያገኝ ይፈነዳል። የያዝከው ልክ ትክክል ነው፤ ባለሁለት ሊትሩን ጆግ፣ በቀን አንድ፣ ለአሥራ አራት ቀን። ከገንዳው አንድ ጆግ ትቀዳለህ፣ የተጣራ ውሃ ወደ ሃያ ስድስት ዲግሪ አሙቀህ በአንድ ጥግ ቀስ እያልክ ትመልሳለህ። በየሦስት ቀኑ በእሱ መለኪያ ለካ። መብራቱን በግማሽ ቀንስላት፤ የታመመ ሰው ዓይኑ ላይ መብራት አይበራበትም፤ እኔም አውቀዋለሁ። የነጣውን አትንካው፣ አትፋቀው። ጤነኛው ጠርዝ ከተረፈ ሥጋዋ በነጩ ላይ ተመልሶ ይወጣ ይሆናል።

ደብዳቤህን ነርሷ ጮክ ብላ አነበበችው። ከመስኮቱ አጠገብ ያሉት እናት፣ «ከዚህ በኋላ ዳኛው አልለውም» አሉ።

ስለ ይቅርታው አሁን አትጠይቀኝ። ማታ ማታ ያንን መዝገብ እያሰብኩ እቆጣለሁ፤ ያቺን «ብያለሁ» ያልክባትን ቃል ደግሞ እያሰብኩ እስቃለሁ። ጋሼ፣ ይቅርታም በደረሰኝ የሚሰጥ ይመስልሃል? አሥራ አንድ ዓመት የተጠራቀመ ጨው ነው። በአንድ ቀን ብታወርደው እኔም እሰነጠቃለሁ። አንተ ጆግህን ቅዳ።

እኅትህ

ከነርሷ፦ አባቴ፣ ትናንት ሁለት ጊዜ በላች።


ጥር 12 ቀን

ለእኅቴ፤

ሰላምታዬ በያለሽበት ይድረስሽ። አሥራ አራቱ ቀናት አልቀዋል። በቀን አንድ ጆግ ቀዳሁ፤ አንድ ቀን አልደረብሁም፣ አንድ ቀን አልዘለልሁም። ጨዉ በባልሽ መለኪያ ልኩ ላይ ነው። ከመለካቴ በፊት፣ በጨርቁ ላይ እንደ ተጻፈው፣ በተጣራ ውሃ እፈትሸዋለሁ። ቀስ ማለት ለእኔ ከባድ ትምህርት ነበር። ቁጣዬም ፍርዴም ቶሎ የሚደርሱ ነበሩ፤ ትክክል ስለሆኑ ይመስለኝ ነበር።

እመት በቀኝ በኩል ያጣችው ገና አልተመለሰም። ነገር ግን በነጩ ጠርዝ፣ የጣት ጥፍር የምታህል አረንጓዴ ልሳን ወጥታለች። ባለፈው ሰኞ ሳያት የክር ያህል ነበረች። ትናንት ማታ፣ መብራቱ ሰማያዊ በሆነ ጊዜ፣ በግራ በኩል አራት ጣቶች አወጣች። አራት ብቻ። ቆጥሬአቸዋለሁ። ዘበኛውን ጠርቼ አሳየሁት፤ «ድንጋዩ ነቃ?» አለኝ። «ድንጋይ አይደለም» አልሁት። ያልተቆጣሁት ለምን እንደሆነ አላውቅም።

ደግሞም ወደ ቀድሞው መሥሪያ ቤቴ ሄድሁ። በእኔ ቦታ የተቀመጠው ወጣት የድሮውን መዝገብ ፈልጎ ለማውጣት ግማሽ ቀን ፈጀበት። መስመሩን ካሳየሁት በኋላ ግራ ገባው።

«አባባ፣ ሰውየው ካረፈ ይህ ለማን ይጠቅማል?»

«ለመዝገቡ።»

«ማረሚያ ቦታ የለውም እኮ።»

«ኅዳግ አለው።»

በኅዳጉ ላይ በራሴ እጅ ጻፍሁ፦ «ዘንጉ ያረጀ እንጂ የተጭበረበረ አልነበረም። ይህን የሳተው ተቆጣጣሪው ነው።» ፈረምሁ። የገጹን ቅጂ ከዚህ ጋር አያይዣለሁ፤ ነርሷ ታንብብልሽ። ከዚያ የመስታወት መለኪያዬን አውጥቼ፣ ይመዝገብልኝ አልሁት። ፈትሾ፣ «ምንም እንከን የለበትም፤ በየትኛው ዓምድ ልጻፈው?» አለኝ። አሰብሁበት። መለኪያው በእርግጥ እንከን የለበትም። መለኪያውን አሳስቶ ላነበበ ሰው የሚሆን ዓምድ ግን በመዝገቡ የለም። ይዤው ተመለስሁ።

ጨርቅሽ የሚፈታበት ቀን መቃረቡን ነርሷ ጽፋልኛለች። ስትመጪ እኔን ቤትሽ ውስጥ ማግኘት እንደማትፈልጊ እገምታለሁ። ቁልፉን ለዘበኛው ትቼ እሄዳለሁ። ከዱላው ላይም ያንን ማኅተም በአሸዋ ወረቀት ልፍቀው አስቤ ነበር፤ ያለ ፈቃድሽ ግን አልነካውም።

በልጅነትሽ እጠራሽ በነበረው ስም ልጥራሽና ልሰናበት፤ ሚጢጢ፣ ደህና ሁኚ።

ወንድምሽ


ጥር 20 ቀን

ጋሼ፤

ይህን የምጽፈው በራሴ እጅ ነው። ፊደሎቼ እንደ ሰከረ ሰው ወዲያና ወዲህ ቢሉ አትታዘበኝ፤ ነርሷ ከጎኔ ቆማ ትስቃለች። ቀኝ ዓይኔ ያያል። ግራው ብርሃንን ከጨለማ ይለያል፤ ከዚያ በላይ ተስፋ አታድርጊ ተብያለሁ። አንዱ ይበቃኛል። ክርም በመርፌ አስገብቼበታለሁ፤ በአራተኛው ሙከራ።

የመዝገቡን ቅጂ በቀኝ ዓይኔ አነበብኩት። በሰው ድምፅ እንዳልሰማው ብዬ፣ ጨርቁ እስኪፈታ ድረስ ትራሴ ሥር አቆይቼው ነበር። የእጅ ጽሑፍህ አርጅቷል።

ማኅተሙን አትፋቀው። ባለቤቴ ዘጠኝ ዓመት እያየው ክዳን ደግፎበታል፤ እኔም እችላለሁ። ነገር ግን ከእሱ በታች፣ እንጨቱ ባዶ በሆነበት በኩል፣ በመዝገቡ የጻፍከውን ቃል ቅረጽበት። «ያረጀ» ብቻ፤ ከዚያ በላይ ቦታ የለውም።

ያንን ሌላውን ነገር በደብዳቤ አልጨርሰውም። ገና ጥቂት ጆግ ይቀረኛል።

የምደርሰው ቅዳሜ ነው፤ አውቶቡሱ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ይገባል። ቁልፉን ለዘበኛው አትስጥ። መብራቱን ሰማያዊ አድርገህ፣ ክዳኑን ደግፈህ፣ በሩን አንተ ክፈትልኝ። ባረፍድ እንኳ እንዳትሄድ። አሥራ አንድ ዓመት ያላየሁት ፊት ነውና፣ በዚህች አንድ ዓይኔ መጀመሪያ ማንን እንደማይ አብረን እናያለን።

ሚጢጢ